ሃይማኖትና ምግባር በእናታችን በቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሕይወት

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ የሚሄደው መንገድ መራዊንና ወተት ዓባይን አልፎ ዱርቤቴ ይገባል። በዱርቤቴ ገበያ፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ገበያ ሁሉ፣ ሰው እህልን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ሲመዝን ይውላል። አንዱ ነጋዴ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አይጠፋም፤ ረቡዕንና ዓርብን አይሽርም፤ ሚዛኑ ግን አይታመንም። ሌላው ስለ ሃይማኖት ሲጠየቅ የሚመልሰው የለውም፤ ነገር ግን የተበደረውን በቀኑ ይከፍላል፤ ከሩቅ ቀበሌ የመጣችውን ባልቴት አያታልልም። እንግዲህ ይህን ያየ ሰው፣ ይልቁንም በትምህርት ቤት የዋለ ወጣት፣ ሰው ያለ ሃይማኖት ምግባር ሊኖረው ይችላልን ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የክሕደት ነው ተብሎ ሊገሠጽ አይገባውም። የሚገባው መልስ ነው።

መልሱን በችኰላ የሚሰጡ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ወገን ሃይማኖት የሌለው ሰው ሁሉ ሌባና ነፍሰ ገዳይ ነው ይላል፤ ይህ ግን ዓይናችን የሚያየውን መካድ ነው። ሁለተኛው ወገን ምግባር ካለ ሃይማኖት ምን ይጨምራል ይላል፤ ይህም ምግባር ዋጋ በሚያስከፍልበት ቀን ሰው ምን ይዞ እንደሚቆም ካለማሰብ የመጣ ነው። እኛ ነገሩን በክርክር ብቻ ከማስረዳት ይልቅ በጣና ዳርቻ በኖረችው በእናታችን በቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሕይወት ልናየው መርጠናል። በእርሷ ዘመን ሃይማኖት ሁሉም የሚናገርለት፣ ሰው የሚገድልለትና የሚሞትለት ነገር ስለ ነበረ፣ ሃይማኖትና ምግባር የሚገናኙበትና የሚለያዩበት ስፍራ እንደ ዛሬ የተሸፈነ አልነበረም።

አስቀድመን ግን የአባቶቻችንን ትምህርት እናስታውስ። መምህራኖቻችን የእግዚአብሔርን ሕግ ሲያስተምሩ ሕገ ልቡና፣ ሕገ ኦሪትና ሕገ ወንጌል ብለው በሦስት ይከፍሉታል። ሕገ ልቡና በጽላት ሳይጻፍ ከአዳም እስከ ሙሴ ሰው የተመራበት ነው። አቤል መሥዋዕቱን ያቀረበው፣ ዮሴፍም የጌታውን ሚስት እንቢ ያላት ዐሥርቱ ቃላት ከመሰጠታቸው በፊት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ሕግ ያልተሰጣቸው አሕዛብ የሕግን ሥራ ሲሠሩ ሕጉ በልባቸው የተጻፈ መሆኑን እንደሚያሳዩ አስተምሯል። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቅ ምስክር በኦሪት ዘፍጥረት እናገኛለን። አብርሃም ወደ ጌራራ በሄደ ጊዜ በዚያ አገር ፈሪሃ እግዚአብሔር የሌለ መስሎት ስለ ሚስቱ ይገድሉኛል ብሎ ሰጋ፤ ስለዚህም ሣራን እኅቴ ናት አለ። የሆነው ግን እርሱ ያሰበው አይደለም። የሃይማኖት አባት የተባለው አብርሃም ከፍርሃት የተነሣ እውነቱን ሸሸገ፤ አሕዛባዊው ንጉሥ አቢሜሌክ ግን በሕልም የተገለጸለትን በሰማ ጊዜ ደንግጦ ሣራን በክብር መለሰ፤ አብርሃምንም ስለ ሠራው ነገር ወቀሰው። ሙሴ ይህን ታሪክ ሊሸሽገው ይችል ነበር፤ አልሸሸገውም። ስለዚህ ከእኛ ማኅበር ውጭ ምግባር የለም የሚል ሰው ከማያምነው ሰው ጋር ብቻ ሳይሆን ከኦሪት ጋርም መጣላቱ ነው።

አሁን ወደ ቅድስቲቱ ሕይወት እንመለስ። ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው በ1592 ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በዘመኑ ከነበሩት የውጭ አገር ካህናት ጽሑፎች ጋር ለማስተያየት እንዲመች በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተቀመጡ ናቸው። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ፤ ወገናቸውም በደዋሮና በፈጠጋር ርስት የነበረው የመኳንንት ወገን ነው። በዘመኑ ልማድ ገና በልጅነቷ ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። መልክአ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ የቅርብ አማካሪ ስለ ነበረ ቤቱ ባለጸጋና የተፈራ ቤት ነበር። ሦስት ልጆች ወለደችለት፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ። ገድሏ እንደሚነግረን የሚወለደው ልጅ እግዚአብሔርን የማያስደስት ከሆነ በሕፃንነቱ እንዲወሰድ ትጸልይ ነበር። ይህን ያነበበች እናት ሁሉ መሳቀቋ አይቀርም፤ እኛም ሌላው የሚከተለው ምሳሌ አድርገን አናቀርበውም። ነገር ግን የሴቲቱን ጠባይ ያሳየናል፤ ከቤት፣ ከወርቅና ከዘር አብልጣ የምትወደው ነገር እንዳለ ገና ወጣት ሳለች ዐውቃ ነበር።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1607 ነገሠ። የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ከእርሱ አስቀድመው ወደ አገራችን ገብተው ነበርና ንጉሡ ትምህርታቸውን ይሰማ፣ ከፖርቱጋልም የጦር እርዳታ ተስፋ ያደርግ ጀመር። በ1612 የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ወደ ካቶሊክ እምነት ገባ፤ ከመኳንንቱም ብዙዎች ተከተሉት። መልክአ ክርስቶስም ከንጉሡ ጋር ወገነ። ወለተ ጴጥሮስ ይህን ባየች ጊዜ ከጣና ገዳማት በመጡ መነኰሳት ረዳትነት ከቤቷ በሥውር ወጥታ ወደ ሐይቁ ዳርቻ ሸሸች።

በዚህ ቦታ ላይ ቆም ብለን ልናስተውል ይገባናል፤ ብዙዎች ገድሏን ሲተርኩ ይህን ክፍል ቶሎ ያልፉታልና። ባሏ ሚስቱን ለማስመለስ ሠራዊት ይዞ ተነሣ፤ ተጠግታበታለች የተባለውንም ከተማ አጠፋው። በዚያ የነበሩት ገበሬዎችና ባልቴቶች በሁለቱ መካከል ስላለው ነገር የሚያውቁት አልነበረም፤ ቤታቸው ግን ፈረሰ። ወለተ ጴጥሮስ ይህን በሰማች ጊዜ በፊቷ ሁለት መንገድ ነበረ። አንደኛው የጀመረችውን የምንኵስና ሐሳብ አጽንታ መሸሽና የሌላውን ሰው መከራ ለእግዚአብሔር መተው ነው። ይህን ብታደርግ ኖሮ በዘመኑ ከነበሩት የሃይማኖት ሰዎች የሚነቅፋት ብዙ አልነበረም። እርሷ ግን ሌላ ሰው በእርሷ ምክንያት ከሚጐዳ ብላ ወደማትፈልገው ቤት ተመለሰች። ሃይማኖቷ ከገበሬው ቤት መፍረስ በላይ የራሷን ጽድቅ እንድታስብ አላደረጋትም። ሕገ ልቡና በሃይማኖት ውስጥ ሕያው ሆኖ ሲሠራ መልኩ ይህን ይመስላል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ግን የሚታለፍ አልሆነም። በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን የንጉሡን አዲስ እምነት አውግዘው በንጉሡ ላይ ከተነሡት መኳንንት ጋር በወጡ ጊዜ በጦርነቱ ተገደሉ። ወለተ ጴጥሮስ ባሏ በጳጳሱ ሞት እጁ እንዳለበት ዐወቀች። ያን ጊዜ ለዘለዓለም ተለየችው፤ በ25 ዓመቷም መነኰሰች። ነገሩን በቀላሉ የሚያይ ሰው ሚስት ከባሏ የተለየችው የሃይማኖት ወገን ስለ ለወጠ ነው ይል ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አይመስለንም። ባሏ ወደ ንጉሡ ወገን ካዘነበለ ቈይቶ ነበር፤ እርሷም ስለ ድኾች ስትል ወደ ቤቱ ተመልሳ አብራው ተቀምጣ ነበር። የማይመለስ መለያየት የመጣው ደም በፈሰሰ ጊዜ ነው።

በ1621 ንጉሡ የቀድሞውን የኢትዮጵያ ሃይማኖት ማስተማርን ከለከለ። በጎጃምና በዳሞት ሰንበተ ቀዳሚትን አንሽርም ያሉ ገበሬዎችና መነኰሳት ከዚያ በፊት ተነሥተው በሥዕለ ክርስቶስ ጦር ተመትተው ነበር፤ የዛሬው ዱርቤቴ ያለበት አገር ከዚያ እሳት ርቆ የነበረ አይደለም። ወለተ ጴጥሮስ ግን ዝም አላለችም፤ ሕዝቡ በአባቶቹ ሃይማኖት እንዲጸና ታስተምር ጀመር። በ1622 ወደ ንጉሡ ሸንጎ ተጠርታ ቀረበች። ንጉሡ ሊገድላት አስቦ ነበር፤ የማለደላት ማን ነው ቢባል ትታው የሄደችው ባሏ መልክአ ክርስቶስ ነው። ከዚያ ወደ ዋልድባ ሄዳ ትምህርቷን ቀጠለች። በ1625 ሁለተኛ ተጠራች፤ አሁንም መልክአ ክርስቶስ ሞቷን አስቀርቶ በትምህርት እንድትመለስ ለኢየሱሳውያኑ አለቃ ለአፎንሶ ሜንዴስ እንድትሰጥ አደረገ።

ስለዚህ ሰው ጥቂት ብንል ከነገራችን አንወጣም። እጁ በጳጳስ ደም የተነካው ሰው፣ ከተማ ያጠፋው ሰው፣ የናቀችውንና የተለየችውን ሴት ሁለት ጊዜ ከሞት አዳናት። ከዚህ ሥራው ሥጋዊ ጥቅም ማግኘቱ አጠራጣሪ ነው፤ በቍጡ ንጉሥ ፊት ለአመፀኛ መማለድ እንዲያውም የሚያስጠረጥር ነበር። ሕገ ልቡና በሰው ውስጥ ሲዳፈን እንጂ ፈጽሞ ሲጠፋ አናይም። መልክአ ክርስቶስ የጐደለው በጎውን ከክፉው መለየት አልነበረም፤ የጐደለው በጎውን ይዞ ንጉሡን የሚቈጣበት ኃይል ነበር።

ሜንዴስ ወደ አገራችን በገባበት በ1625 ዓመት ሁጎ ግሮትዩስ የሚባል የሆላንድ ሊቅ ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም ሕግ አንድ ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያም ውስጥ፣ እርሱ ራሱ አማኝ ክርስቲያን ሳለ፣ እግዚአብሔር የለም ቢባል እንኳ ለሰው ባሕርይ የተሰጠው ሕግ አይሻርም የሚል ሐሳብ ጻፈ። ይህን እንዲያስብ ያደረገው ክሕደት አይደለም። በ1618 ተነሥቶ እስከ 1648 በቈየው ጦርነት የአውሮፓ ክርስቲያኖች በሃይማኖት ስም ሲተላለቁ እያየ ነበርና ሁለቱም ወገኖች የሚዳኙበት የጋራ ሕግ መፈለጉ ነው። በእኛም አገር ሜንዴስ የተጠመቀውን ሕዝብ ዳግመኛ አስጠመቀ፤ ክህነት የነበራቸውን ካህናት እንደ ገና እንዲሾሙ አዘዘ፤ ንጉሡም እንቢ ያለውን በሰይፍ ቀጣ። ሁሉም አማኞች ነበሩ። የጐደላቸው እምነት አልነበረም።

ሜንዴስ በየቅዳሜው ወለተ ጴጥሮስን እያስጠራ ለወራት ያህል ተከራከራት። አልሆነለትም። በመጨረሻ ንጉሡ ወደ ሱዳን ወሰን፣ ዘበይ ወደሚባል በረሃማ ስፍራ አሰደዳት፤ በዚያም ሦስት ዓመት ተቀመጠች። ያሰደዳት ንጉሥ ብቻዋን ትጠፋለች ብሎ ነበር፤ ሃይማኖታችንን አንለውጥም ያሉ ወንዶችና ሴቶች ግን እየሸሹ ወደ እርሷ መጡ። ከሰባቱ ማኅበሮቿ የመጀመሪያው በዚህ በስደት ስፍራ ተመሠረተ። ሌሎቹ ስድስቱ በጣና ዙሪያ የቆሙ ናቸው፤ እነዚህም ጫንቋ፣ ምጽሌ፣ ዘጌ፣ ዳምቦዛ፣ አፈር ፈረስና ዛምቦል ናቸው። ማኅበሩን ከእርሷ ጋር የመራችው እንደ እርሷ ባሏን ትታ የመነኰሰችው እኅተ ክርስቶስ ናት፤ የወንድ አለቃ አልነበረባቸውም። ገድሏ የባለጸጋ ልጅ የነበረችውን ሴት እህል ስትፈጭ፣ እንጨትና ውሃ ስትሸከም ያሳየናል።

በዚህ ላይ ነው ሃይማኖት በምግባር ላይ የሚጨምረውን በግልጥ የምናየው። በሱስንዮስ ዘመን የጳጳሱ መገደል በደል መሆኑን የሚያውቅ መኰንን ሞልቶ ነበር፤ ማወቁን ሕገ ልቡና ሰጥቶት ነበር። ርስቱን፣ ቤቱንና ነፍሱን ለዚያ ዕውቀት አሳልፎ የሰጠው ግን ጥቂት ነው። ወለተ ጴጥሮስ ከሌሎቹ የተለየችው የተሻለ ዕውቀት ስለ ነበራት አይደለም፤ የምትጠፋው ርስት የመጨረሻዋ እንዳልሆነች፣ ከንጉሡም በላይ ዳኛ እንዳለ ስላመነች ነው። ደግሞም ብቻዋን አልቀረችም፤ ሃይማኖቷ ጾምና ሥርዓተ ጸሎት፣ የጋራ ማዕድና የጋራ ድካም ያለው ማኅበር ሆነ። ብቻውን የቆመ በጎ ሰው ሲሞት በጎነቱ ከእርሱ ጋር ይቀበራል።

የዚህን ተቃራኒ የሚመስል ሌላ ታሪክ ከዚያው ዘመንና ከዚያው ሐይቅ አጠገብ እናገኛለን። ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ በሚባለው መጽሐፍ የሚተረከው ሊቅ በአክሱም አጠገብ ተወልዶ በሱስንዮስ ዘመን ከመከራው ሸሽቶ በተከዜ አጠገብ በዋሻ ተሸሸገ፤ ከንጉሡም ሞት በኋላ ከጣና በስተ ምሥራቅ በእንፍራዝ ተቀመጠ። የሃይማኖት ወገኖች ሁሉ እውነት ከእኛ ዘንድ ብቻ ነው ሲሉ ቢሰማ፣ እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ የሰጠው የልቡና ብርሃን ይበቃል ወደሚል ሐሳብ ደረሰ፤ ጾምንና ምንኵስናንም ነቀፈ። መጽሐፉ በእርግጥ የዚያ ዘመን ሰው ሥራ ነው ወይስ በ1853 ወደ አውሮፓ የላከው የካቶሊክ መነኰሴ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው በሚለው ነገር ሊቃውንት ከ1920 ጀምሮ ይከራከራሉ፤ ክርክሩም ገና አልተዘጋም። ለእኛ ጉዳይ ግን ይህ ብዙ አያግደንም። በዛሬ ጊዜ ያለ እግዚአብሔር ምግባር ይቆማል ለማለት ይህን መጽሐፍ የሚጠቅሱ ወጣቶች አሉና መጽሐፉን ራሱን እንዲያነቡ እንመክራቸዋለን። የሐተታው ሰው ወደ ዋሻው የገባው መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ነው፤ በፈጣሪ መኖርም ያምን ነበር። ስለ ሕገ ልቡና የተናገረው ብዙው ነገር የእኛም መምህራን የሚያስተምሩት ነው። እኛ ከእርሱ የምንለየው ልቡና ይበቃል በማለቱ ላይ ነው። በዋሻ ውስጥ ላለ ሰው ልቡና ሊበቃው ይችላል፤ ዘበይ ላይ የተራቡ ስደተኞችን ለሚመግብ ሰው ግን ከዚያ የበለጠ ያስፈልገዋል።

በ1632 የላስታ ሰዎች ተነሥተው በወይና ደጋ ታላቅ ጦርነት ሆነ፤ ንጉሡም ድል አደረገ። ነገር ግን በሜዳው ላይ የወደቁት ብዙ ሺህ ሰዎች እስላሞች ወይም አረመኔዎች ሳይሆኑ የገዛ ሕዝቡ ክርስቲያኖች መሆናቸውን መኳንንቱ ባሳዩት ጊዜ ድሉ ኀዘን ሆነበት። በዚያው ወር ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጀ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲለደስ አስረክቦ በዚያው ዓመት ሞተ። ሜንዴስና ባልንጀሮቹ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩትን ትምህርት የሻረው የክርክር መልስ አይደለም፤ የሬሳው ብዛት ነው። በሱስንዮስም ውስጥ ተዳፍኖ የነበረው ሕግ ዘግይቶ ነደደ።

እዚህ ላይ የራሳችንን ወገን ብቻ እያመሰገን ልናልፍ አይገባንም። ሃይማኖታችን በተመለሰ ጊዜ ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ፤ ይህ የሚጠበቅ ነበር። ነገር ግን ተሸሽገው ከቀሩት ካህናት መካከል የተሰቀሉና የተገደሉ ነበሩ፤ እምነታቸውን አንተውም ያሉ ኢትዮጵያውያን ካቶሊካውያንም መከራ ተቀበሉ። ትላንት የተሰደደው ዛሬ አሳዳጅ ሆነ። የቀናች ሃይማኖት መያዝ ብቻውን እጅን ከደም የሚያነጻ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ይህን የምንጽፈው አባቶቻችንን ለማዋረድ ሳይሆን፣ ከካቶሊኮች ዘንድ ያየነውን በደል በራሳችን ሚዛን ላይም ማስቀመጥ ስለሚገባን ነው።

ወለተ ጴጥሮስ ድሉን ካየች በኋላ ወደ ርስቷም ወደ ቤተ መንግሥትም አልተመለሰችም። ማኅበሯን እየመራች በጣና ዙሪያ ከስፍራ ወደ ስፍራ ስትዘዋወር ዐሥር ዓመት ኖረች። ሦስት ወር ከታመመች በኋላ በ50 ዓመቷ፣ በመነኰሰች በ26ኛው ዓመት፣ ኅዳር 17 ቀን ዐረፈች፤ ዓመቱም 1642 ነው። እኅተ ክርስቶስ ማኅበሩን እስከ ዕረፍቷ እስከ 1649 ድረስ መራች። በማግሥቱ ዓመት ዐፄ ፋሲለደስ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ በቆራጣ ለቅድስቲቱ መታሰቢያ ገዳም የሚሆን መሬት ሰጠ። ገድሏንም ገላውዴዎስ የሚባል መነኰሴ በ1672 ጻፈው፤ ሲጽፍም እርሷን በሕይወቷ የሚያውቁ ሰዎች ገና አልሞቱም ነበር። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ቆራጣ ወለተ ጴጥሮስ የመማጸኛ ስፍራ ሆነች፤ የነገሥታት ቍጣ ያሳደደው ሰው ወደዚያ እየሸሸ ከቅጥሯ ውስጥ ከገባ የሚነካው አልነበረም።